ትርፍ ጭነት የሚጀምረው ከመጋዘን በር ላይ ነው

የመኸሩ ስንዴ ተወቅቶ ወደ መጋዘን ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ወራት፣ በአርሲ ደጋ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው እህል የጫነ ባለተሳቢ መኪና ነው። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዋግና ስለ አረም ለገበሬው ብዙ ይነገረዋል። እህሉ ከመጋዘን ወጥቶ ከዱቄት ፋብሪካ እስኪደርስ ስለሚያደርገው ጉዞ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ባለፈው ጥር ከእንዲህ ያለ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እስኪጓዝ ድረስ ነገሩን የሾፌሮች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይቆጥረው እንደነበር አይሸሽግም።

መኪናው በሾፌሮች አነጋገር «ባለ 400» የሚባለው፣ ማለትም ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭነው ዓይነት ነበር። ጭነቱ የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስንዴ ሲሆን መድረሻው አዲስ አበባ ነው። ከጠዋቱ በ2 ሰዓት የተጀመረው ሥራ ከቀኑ በ9 ሰዓት አለቀ። የመጋዘኑ ኃላፊ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በየአሥሩ ጆንያ አንድ ጠጠር እያስቀመጠ ቆጠረ፤ የመኪናው ረዳትም በበኩሉ በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል እያሰመረ ቆጠረ። ሁለቱም ቆጠራዎች ተስማሙ፤ 400 ጆንያ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ጆንያ አልተመዘነም።

ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋው ሾፌር ከመፈረሙ በፊት ጎንበስ ብሎ የተሳቢውን ባሌስትራ ተመለከተ።

«ልጄ፣ ይህ ጆንያ መቶ ኪሎ ብቻ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«መቶ ነው ጋሼ። ትንሽ ቢያልፍ ለማካካሻ ብለን ነው» አለ ወጣቱ የመጋዘን ኃላፊ።

ሾፌሩ ራሱን ነቅንቆ ፈረመ። አሰላንና አዳማን አልፈን ሞጆ ከሚገኘው የመኪና ሚዛን ላይ በወጣን ጊዜ የተሳቢው ሁለት የኋላ አክስሎች አንደኛው 11 ቶን፣ ሁለተኛው 10 ቶን ከ900 ኪሎ መዘኑ። በሁለቱ ላይ የተገኘው ትርፍ 1,900 ኪሎ ሆነ። የቅጣቱ ወረቀት በሾፌሩ ስም ተጻፈ፤ ትርፉን ሳያወርዱም ጉዞ አልነበረም። 19 ጆንያ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ተደረደረ። ረዳቱ ሌላ አይሱዙ እስኪገኝ ድረስ ሁለት ሌሊት በጆንያዎቹ ላይ ሸራ ለብሶ አደረ። የጫኝና አውራጅ፣ የአይሱዙው ኪራይ፣ ሥራ የተፈታባቸው ሁለት ቀናት፣ ከዚያም ቅጣቱ ተደማመሩ።

ሾፌሩ ለመኪናው ባለቤት ደወለ። ባለቤቱም ፈርመህ የተረከብከው አንተ ነህ አለው። ለማኅበሩ ደወለ። ማኅበሩም እኛ 400 ቆጥረን አስረክበናል አለው። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና «ሁሉም ልክ ናቸው፤ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ» አለ።

ለመሆኑ ሕጉ የሚለው ምንድን ነው? በአገራችን የጭነት መኪና የሚለካው በአክስል፣ ማለትም የግራውንና የቀኙን ጎማ በሚያያይዘው ዘንግ ላይ በሚያርፈው ክብደት ነው። መሪው ያለበት የፊተኛው አክስል ከ8 ቶን፣ ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ10 ቶን በላይ እንዲሸከሙ አይፈቀድም። ብዙ ጫኞችና ብዙ ነጋዴዎች የማያውቁት ነገር ይህ ነው። እነርሱ የሚያስቡት ስለ ጠቅላላው ኩንታል ነው። ነገር ግን ጠቅላላ ክብደቱ የተስተካከለ መኪና እንኳ ጭነቱ ወደ ኋላ ከተከመረ ሕግ ሊተላለፍ ይችላል። ለምሳሌ ሁለት አክስል ብቻ ያለው መኪና ከነጭነቱ 17 ቶን ቢመዝን፣ ፊቱ 8 ኋላው 10 ተደምሮ ከሚሆነው 18 ቶን በታች ነው። ከዚሁ 17 ቶን ውስጥ 11 ተኩሉ በኋላው አክስል ላይ ካረፈ ግን አንድ ቶን ተኩል ትርፍ አለው፤ ሚዛኑም ይይዘዋል።

በእኛም መኪና ላይ የታየው ከፊሉ ይኸው ነበር። የተሳቢው የፊት አክስል 9 ቶን ተኩል ብቻ ይዞ ነበር። ጫኞቹ ጆንያውን ከኋላ በር ጀምረው ስለከመሩት የኋላው ከበደ። አራት ጆንያ ወደ ፊት ተዛውሮ ቢሆን ኖሮ የሚወርደው 19 ሳይሆን 15 ይሆን ነበር። ይህን ሾፌሩ ራሱ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። «ይቺ አራቷ የእኔ ጥፋት ናት። ሲጭኑ ሻይ ቤት ነበርኩ» ብሎም ሳቀ። አሥራ አምስቱ ግን የማን ነው?

ወደዚህ ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት አንዳንድ ሰው «አንድ ቶን ምን ያደርጋል?» ስለሚል ጥቂት ስሌት እናስገባ። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ በተባለች ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪናዎች ሌት ተቀን እንዲመላለሱ ተደርጎ ጉዳቱ ተጠንቶ ነበር። ከዚያ ሙከራ የተገኘው ትምህርት መንገዱ የሚጎዳው ክብደቱ በጨመረው ልክ ሳይሆን ከዚያ በብዙ በላይ ነው የሚል ነው። በግምት የክብደቱ ጭማሪ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። 10 ቶን ሊሸከም የሚገባው አክስል 12 ቶን ቢሸከም ክብደቱ የጨመረው በአንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን እጥፍ ይሆናል። 15 ቶን ቢሸከም ጉዳቱ አምስት እጥፍ ይደርሳል። በአገራችን የመንገድ ንድፍ መመሪያ የሚሠራበት ስሌት እንዲያውም በአራት ፈንታ አራት ተኩል ነው። የእኛ 11 ቶን የመዘነው አክስል በዚያ ዕለት ከአርሲ እስከ ሞጆ በሄደበት መንገድ ሁሉ፣ ሕጋዊ ጭነት የጫነ አክስል አንድ ጊዜ ተኩል ቢያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት አድርሷል ማለት ነው።

ይህ ስሌት አስፋልት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገጠር ጉዳይ አይሆንም ነበር። ነገር ግን አስፋልት ለከባድ መኪና ተብሎ የተሠራ ነው፤ ወፍራም መሠረት አለው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌው የሚገባው የጠጠር መንገድ ግን ለጥቂትና ለቀላል ተሽከርካሪ ታስቦ የተሠራ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች እንዲህ ያለ መንገድ አግኝተዋል፤ የአካባቢው ሕዝብም በጉልበቱ የተሳተፈባቸው ናቸው። በሐምሌ ወር አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሳለ ድንጋይና አሸዋ ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ገልባጭ አንድ ቀን ከተመላለሰበት ሁለት ቦይ ይተዋል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ በመስከረም መንገዱ ወንዝ ሆኖ ይገኛል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሚዛን የለም። ሚዛኖቹ ያሉት በዋና ዋና መንገዶች ላይ ነው። ስለዚህ በቀበሌው መንገድ ላይ የሚጠብቀው የሾፌሩ ሕሊናና የአስጫኙ ይሉኝታ ብቻ ነው። ገበሬው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ተሸክሞ ሲሄድ መንገዱን ያፈረሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

የመንገድ ጥገና ገንዘብ ከየት እንደሚመጣም ማወቅ ይጠቅማል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ገቢው በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ፣ ከተሽከርካሪ ዓመታዊ ፈቃድ እድሳትና ከመሳሰሉት ነው። ከገቢዎቹ መካከል የትርፍ ጭነት ቅጣትም ተቆጥሯል። በሌላ አነጋገር ሾፌሩ የሚከፍለው ቅጣት ያፈረሰውን እንዲጠግን ታስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ጉዳቱ እጥፍ እጥፍ እየሆነ ለሚጨምር ነገር የአንድ ሾፌር ቅጣት ምን ያህል ጉድጓድ ይደፍናል?

ከመንገዱ ይልቅ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ የሰው ሕይወት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን የሚያሠራው ክብደቱን ለመያዝ ነው። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት ይጨምራል፤ ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። ልምድ ያለው ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተር ይይዘዋል፤ ትርፍ የጫነ መኪና ግን ይህንንም ጥበብ ያሸንፈዋል። ጎማም እንዲሁ ነው። በቆላ ሙቀት ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወዴት እንደሚዞር ሾፌሩ አይመርጥም።

እንግዲህ አሥራ አምስቱ ጆንያ የማን ነው ወደሚለው እንመለስ። ይህ ጸሐፊ ሾፌሮችን ሁሉ ንጹሕ ለማድረግ አልተነሣም። ከአዋሽና ከመተሐራ በኩል የሚመጣ መኪና ከጭነቱ በላይ የከሰል ማዳበሪያ ደርድሮ፣ ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሮ ሲገባ ማን ያላየ አለ? ያ የሾፌሩና የረዳቱ የኪስ ጭነት ነው። ሙሉ ነዳጅም ይመዝናል፤ 400 ሊትር ናፍጣ ከ3 ኩንታል በላይ ነው። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የውሃው ጀሪካን ሁሉ በሚዛኑ ላይ ይወጣሉ። መኪናውን የሚያውቀው ሾፌሩ ስለሆነ ባዶ ክብደቱንም፣ የሚፈቀድለትንም፣ ጭነቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበትም ማወቅ የእርሱ ሥራ ነው። በዚህ በኩል የሚመጣበትን ቅጣት ሊያማርር አይገባውም። ሲጭኑ ሻይ ቤት መቀመጥም ዋጋ አለው።

ነገር ግን የተሰፋ ጆንያ ውስጥ ያለውን ሾፌሩ በዓይኑ ሊመዝን አይችልም። የትራንስፖርት ክፍያ በኩንታል የሚታሰብ በመሆኑ የመኪናው ባለቤት ብዙ እንዲጫን ይፈልጋል፤ አስጫኙም በአንድ ጉዞ ብዙ እንዲሄድለት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ሾፌር «አልጭንም» ቢል ጭነቱን ሌላ መኪና ይወስደዋል፤ ተራውን ጠብቆ የቆየባቸው ቀናትም ከንቱ ይቀራሉ። መብት ነው ብሎ በወረቀት መጻፍ ቀላል ነው። ባለቤቱ መንጃውን ቁልፍ ለሌላ እንደማይሰጥበት እርግጠኛ ያልሆነ ሾፌር በመብቱ አይጠቀምም።

በአንዳንድ አገሮች ይህ ነገር ታይቶ መፍትሔ ተፈልጎለታል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2014 በብዙዎቹ ግዛቶች ሥራ ላይ የዋለው የከባድ ተሽከርካሪዎች ሕግ ኃላፊነቱን በሰንሰለት ያያይዘዋል። ላኪው፣ አሻጊው፣ ጫኙ፣ የጉዞ ሰዓት የሚመድበውና አሠሪው ሁሉ ሊያደርጉ ይችሉ የነበረውን ካላደረጉ ይጠየቃሉ፤ ሾፌሩም ከሰንሰለቱ አይወጣም። የእኛን ጉዳይ በዚህ ብናይ አራቱ ጆንያ የሾፌሩ፣ አሥራ አምስቱ የመጋዘኑ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ አከፋፈል ለማድረግ ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል። ክብደቱ ጭነቱ በሚነሣበት ቦታ ላይ ተመዝኖ በርክክቡ ሰነድ ላይ በኪሎ መጻፍ አለበት። «400 ጆንያ» የሚል ወረቀት ማንንም አይጠይቅም፤ ማንንም አያድንም።

እኔም ከሳምንት በኋላ ወደዚያው ማኅበር ለሥራ በተመለስኩ ጊዜ ነገሩን ለማየት ፈለግሁ። ከአንድ ክምር አሥር ጆንያ አስወርደን በማንጠልጠያ ሚዛን መዘንን። ቀላሉ 101፣ ከባዱ 109 ኪሎ ሆነ፤ አሥሩ በድምሩ 1,050 ኪሎ። አሥር ጆንያ ስለ ሁሉም አይናገርም። ሆኖም አማካዩ 105 ነው ብንል በ400 ጆንያ ላይ ትርፉ 2 ቶን፣ ማለትም 20 ኩንታል ነው። ሞጆ ላይ ያገኘነው ትርፍም ከዚሁ አይርቅም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ደነገጠ። ሌብነት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ገዢው ስንዴውን ሲረከብ አንድ ጆንያ እንኳ ከመቶ ጎድሎ ቢያገኝ ጥያቄው በእርሱ ላይ ስለሚመጣ፣ ጎደለ እንዳይባል እያንዳንዱን ጆንያ በእፍኝ በእፍኝ ያስጨምር ነበር። የእርሱ ፍርሃት ሞጆ ሲደርስ የሾፌሩ ቅጣት ሆነ። ሌላም ነገር ነበረበት። ሽያጩ የተዋዋሉት በጆንያ ቁጥር፣ አንዱ ጆንያ እንደ አንድ ኩንታል እየታሰበ ነው። ስለዚህ የ20 ኩንታል ስንዴ ዋጋ ለማንም ሳይከፈል ሄደ ማለት ነው። ያ ስንዴ ደግሞ የገበሬዎቹ ነበር። በዚያ ዕለት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሚዛኑን እያዩ ቆመው ነበር፤ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ሾፌሩ የተቀጣው በእኛ ስንዴ ነው?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም።

በስንዴ አምስት ኪሎ ሲሆን በድንችና በሽንኩርት ይብሳል። ከኮፈሌና ከሻሸመኔ አካባቢ ድንች ሲጫን ጆንያው ከአፉ በላይ በገመድ ተጠልፎ ጉልላት እንዲያወጣ ይደረጋል። ጉልላቱ ለነጋዴው ምርቃት ነው፤ ለገበሬው ያልተከፈለበት ድንች ነው፤ ለሾፌሩ ያልተጻፈ ክብደት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የድንች ደንብ አንድ ከረጢት ከ50 ኪሎ እንዳይበልጥ የወሰነችው ይኸው ችግር ስለነበረባት ነው። 50 ኪሎ ለእኛም ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ የአፈር ማዳበሪያው ራሱ የሚመጣለት በ50 ኪሎ ከረጢት ነው። ለጫኙም ወገብ ይበጃል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክር አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ በጉልበቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። የእኛ ጫኞች ግን መቶ ኪሎውን ከነምርቃቱ ተሸክመው በሳንቃ ላይ ሲወጡ እናያለን።

ለማኅበራትና ለመጋዘን ኃላፊዎች የሚጠቅመው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ሁሉንም ጆንያ መመዘን ካልተቻለ ከየክምሩ አሥር አሥር አንስቶ መዝኖ አማካዩን ማግኘት ይቻላል። አማካዩ በጆንያው ቁጥር ተባዝቶ በሰነዱ ላይ በኪሎ ይጻፍ፤ ሾፌሩም ሲመዘን ቆሞ ይይ። ጫኞቹ መጀመሪያ ከፊት እንዲጀምሩና ቁመቱን አስተካክለው ወደ ኋላ እንዲመጡ ይነገራቸው። ሸራው የተቀደደ ከሆነ አስቀድሞ ይሰፋ፤ በመንገድ ላይ ዝናብ የመታው እህል ከመበላሸቱም በላይ በደረቁ ተመዝኖ ከተነሣበት ይከብዳል። ሾፌሩ ባዶ መኪናውን በአንድ ሚዛን ላይ አስመዝኖ የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ጽፎ በሊብሬው ውስጥ ቢያስቀምጥ በየጊዜው ከመገመት ያድነዋል።

የቅጣቱ ጉዳይ በዚያ ማኅበር እንዴት እንዳለቀ መናገር ይቀራል። ሾፌሩ ከደመወዙ ተቆረጠበት። ማኅበሩ ስለ ቅጣቱ ተሰብስቦ ተነጋግሮ፣ ፈርሟልና አይመለከተንም የሚሉት በለጡ። ለጸሐፊው ይህ ውሳኔ ልክ አልመሰለውም፤ ስብሰባው ላይም ተናግሮታል፤ ድምፅ ግን አልነበረውም።

በየካቲት መጨረሻ ያው ሾፌር ለሁለተኛ ጭነት ወደዚያው መጋዘን መጣ። ከወንበሩ ጀርባ የራሱን ማንጠልጠያ ሚዛን ይዞ ነበር። ወጣቱ የመጋዘን ኃላፊ ሲያየው ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ እኛም እኮ አውጥተናል» አለና የማኅበሩን ሚዛን አሳየው። አሥር ጆንያ ተመዘነ፤ አማካዩ እንደገና 105 ኪሎ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ሻይ ቤት አልሄደም፤ ተሳቢው ላይ ወጥቶ ጫኞቹን እየመራ 380 ጆንያ አስጫነ። በሰነዱ ላይ «380 ጆንያ፣ 399 ኩንታል» ተብሎ ተጻፈ፤ ገዢው ጥቂት ካንገራገረ በኋላ የ399ኙን ዋጋ ከፈለ። የተረፈው 20 ጆንያ በመጋዘኑ ጥግ ተከምሮ ቀጣዩን መኪና ይጠብቃል።